ያልተፈረመው ወረቀት

ሰው ሁሉ ፌንጣ ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት በዩኒቨርሲቲው የመረብ ኳስ ቡድን አብረዋት የሚጫወቱ ልጆች ናቸው። መረቡ ሥር ጎንበስ ብላ ስትነሣ እሷ የዘለለች ሳይሆን መሬቱ የወረወራት ትመስል ነበር። እንዲህ መውጣት የለመደችው ልጅ አንድ እሑድ ጠዋት አወራረዷ ከዳት። ኳሷን መታች፣ ነጥቧን አስቆጠረች፣ ስታርፍ ግን ግራ ጉልበቷ ወደ ውስጥ ታጠፈ። «ቋ!» ሲል ሰማችው። ሌላ ማንም አልሰማውም፤ ጓደኞቿ በነጥቡ እየጨፈሩ ነበር።

የጉልበቷ የውስጥ ጅማት ተበጥሷል። ቀዶ ሐኪሙ ከራሷ ጭን ጅማት ወስዶ አዲስ ተከለላትና «ይሄ ሥር እስኪሰድ ዘጠኝ ወር ይፈልጋል። ከዚያ በፊት ብትዘልዪበት እኔና አንቺ አንተዋወቅም» ብሎ አስጠንቅቆ ወደ ዩኒቨርሲቲው የፊዚዮቴራፒ ክፍል ላካት።

ክፍሉ ከስፖርት አዳራሹ ጀርባ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ሁለት አልጋ፣ ባለበት የሚሽከረከር ብስክሌት፣ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት፣ ጥግ ላይ የተቆለሉ የአሸዋ ከረጢቶች። እዚያ የሚሠራው ወጣት ባለሙያ ዲግሪውን በማዕረግ የያዘ ቢሆንም ተማሪው ሁሉ «ወጌሻው» ይለዋል። አይከፋውም። «ወጌሻ የሰው አጥንት ያቀናል፤ የሰው ስም የሚያጣምመው ሌላው ነው» ብሎ ይስቃል።

መጀመሪያ ላይ አንቱ ይላት ነበር።

«ጭንዎን ያጥብቁ። አምስት ድረስ ይቁጠሩ። አሁን ይልቀቁ።»

በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። «አያትህን እመስላለሁ እንዴ? እርስዎ፣ እርስዎ ስትለኝ ሽበት የሚያወጣኝ ይመስለኛል።»

«እዚህ ቤት ታካሚ ሁሉ እርስዎ ነው።»

«እኔ ታካሚ አይደለሁም፤ ፌንጣ ነኝ።»

ሊስቅ አልፈለገም፣ ግን አመለጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንቺ ሆነች።

የመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ቀንድ አውጣ ተጎተቱ። ትናንት በአየር ላይ ትንሳፈፍ የነበረች ልጅ ዛሬ ተረከዟን ከአልጋው ላይ አንድ ስንዝር ለማንሣት ላብ ያጠምቃታል። ስታለቅስ ዝም ብሎ ፎጣ ያቀብላታል፤ ስትቆጣም ዝም ይላል። አንድ ቀን ምርኩዟን ግድግዳው ላይ ስትወረውረው አንሥቶ አመጣላትና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አላት።

«እንቁላሉ ጅማቱ ስላልተበጠሰ ነዋ!»

ሁለቱም እስኪያነክሱ ሳቁ። እሷ ድሮም ታነክስ ነበር።

በሦስተኛው ወር በመስታወቱ ፊት ቁጢጥ ብድግ ማለት ጀመረች። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ጉልበቷ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይጠብቃል። እሷ ደግሞ ጉልበቷን ማየት ሲገባት በመስታወቱ ውስጥ እሱን ታያለች። ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ እሱ ቶሎ ብሎ ዓይኑን ወደ ጉልበቷ ይመልሳል። «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት» እያለ ይቆጥራል። አንድ ቀን ከአሥራ ሁለት ቀጥሎ ዘጠኝ አለ። አላረመችውም። የቀረውን ቀን ሁሉ በሆዷ ይዛው ዋለች፤ ማታ ጥርሷን ስትቦርሽ እንኳ ብቻዋን ፈገግ አለች።

እናቷ የሞተችው እሷ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ያሳደጓት አባቷ ናቸው። ትልቅ የብረታ ብረት ነጋዴ ናቸው፤ ሰው ይፈራቸዋል፣ እሷ ግን ከአፋቸው እምቢ የሚል ቃል ሰምታ አታውቅም። በየቀኑ ሾፌር በመኪና አምጥቶ ክፍሉ በር ላይ ያወርዳታል። ወጌሻው ያቺን መኪና ባየ ቁጥር ፊቱ ላይ ዳመና ቢጤ ያልፍ ነበር። ለምን እንደሆነ የገባት በአራተኛው ወር ነው።

አንድ ቀን እያሠራት ሳለ በሩ ተንኳኳና የቡድኑን ማሊያ የሚያጥቡት ሴትዮ ገቡ። ተማሪው እማማ ይላቸዋል። ፌንጣ ሦስት ዓመት ሙሉ በላብ የራሰ ማሊያዋን እሳቸው ቅርጫት ውስጥ ስትወረውር ፊታቸውን አንድ ቀን ልብ ብላ አይታው አታውቅም። እጃቸው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ምሳ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም ሳትበላ ልትውል ነው? ሰው አሽተህ አሽተህ አንተ ልትታሽ ነው'ኮ!»

«እሺ እማዬ፣ እበላለሁ።»

እማዬ አለ። ፌንጣ ቀና አለች። እሱም ምን እንደምትል ጠብቆ አያት። ደህና ዋሉ ማለት ይበቃ ነበር። እሷ ግን ደነገጠችና ምንም አላለችም። ሴትዮዋ ወጡ፤ ያ ዝምታ ግን ክፍሉ ውስጥ ቀረ፤ እሷም ለመስበር ብዙ ጊዜ አሰበች፣ ብዙ ጊዜም ፈራች።

*

አምስት ወር ተኩል ሲሞላት የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮና ፍጻሜ ሦስት ሳምንት ቀረው። የብሔራዊ ቡድን መራጮች ይመጣሉ ተባለ። አሰልጣኙ እጁን እያፋተገ መጣ። «አንድ ፊርማ ብቻ ነው የምንፈልገው። ደህና ናት የሚል አንድ ወረቀት!»

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት አንድ እንግዳ ነገር ሆነ። የክፍሉ ኃላፊ የሆኑት አሮጊቷ ሲስተር ራሳቸው መጥተው ጉልበቷን ለኩ። ጡንቻዋን በመሣሪያ ፈተኑ፣ በአንድ እግር አዘለሉና ርቀቷን በሜትር ወሰዱ። ወጌሻው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆሟል። ለምን ብትል የመለሰላት የለም።

ሐሙስ ዕለት አስቀመጣት።

«ግራ እግርሽ የቀኙን ሰባ አንድ በመቶ ነው የሚሠራው። ዘጠና መድረስ አለበት። ወሩም ገና ነው። አይፈረምም።»

«ሦስት ሳምንት አለ'ኮ! ቀንና ሌሊት እሠራለሁ።»

«ጡንቻሽን በልመና ልናስቸኩለው እንችል ይሆናል። ጅማት ግን ልመና አይሰማም።»

«መራጮቹ ይመጣሉ! ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁት ቀን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም!» ተነሣች። ድምፅዋ ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማል። «ምን ታውቃለህ አንተ? ወደ ላይ መውጣት ምን እንደሆነ የልብስ አጣቢ ልጅ ምን ያውቃል?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እሷ ግን ቃሉ ገና ከከንፈሯ ሳይላቀቅ አወቀችው። እጇን ሰድዳ ከአየር ላይ ብትይዘው በወደደች።

እሱ አልተቆጣም። ፋይሉን ዘጋ። እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጎንበስ ብሎ መሬት የወደቀ ፎጣዋን አንሥቶ አልጋው ላይ አጠፈላት።

«ገባኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ከልምምድ በኋላ በረዶ መያዝዎን አይርሱ። ሃያ ደቂቃ።»

መያዝዎን አላት። ቢጮኽባት ይሻላት ነበር፤ ይሄ አንጀቷን ቆረጠው። ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ሲጠብቃት መኪናው ውስጥ የገባችው የተሰደበችው እሷ እንደሆነች ሁሉ እያለቀሰች ነበር።

*

አባቷ የልጃቸውን እንባ ማየት አይችሉም። በማግሥቱ አንድ የግል ክሊኒክ አገኙላት። እዚያ ያለው ሐኪም የሱሪዋን ጫፍ እንኳ ሳያስነሣ ፈረመ። አሰልጣኙ ወረቀቱን ሳመው።

የፍጻሜው ቀን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ፌንጣ በልምምድ ቱታዋ እንዳለች ማሟሟቂያ ላይ ሁለት ጊዜ ዘለለች፤ ደህና ናት። ሦስተኛውን ከፍ አደረገችው። ስታርፍ ጉልበቷ ውስጥ አጥንት ባጥንት ላይ እንደ መሳቢያ ሸርተት አለና ተመለሰ። አላመማትም። ማንም አላየም። እሷ ግን የዚያች እሑድ ጠዋት ጠረን አፍንጫዋ ድረስ መጣባት።

ሄዳ ተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አሰልጣኝ፣ አልጫወትም።»

«ምን ነካሽ? ወረቀቱ'ኮ እጃችን ላይ ነው!»

«ወረቀቱ አይዘልም። የምዘልለው እኔ ነኝ።»

ቡድኑ በመጨረሻው ዙር በሁለት ነጥብ ተሸነፈ። ጓደኞቿ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እሷም አብራ አለቀሰች። መራጮቹም ደብተራቸውን አጥፈው ሄዱ። ነገር ግን ከሐዘኗ ሥር አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ ሲያዩት የሚያሳፍር፣ ሲይዙት የሚያሞቅ ነገር። በሕይወቷ ሙሉ እሺ ላሏት ሰዎች ሁሉ አመሰግናለሁ ብላ ታውቃለች። እምቢ ያላትን ሰው ለማመስገን ልቧ ሲዘል ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

*

ሰኞ ጠዋት በእግሯ ወደ ክፍሉ ሄደች። ሲስተር ብቻቸውን አንሶላ ያጥፋሉ።

«የለም» አሏት ሳትጠይቃቸው። «ሌላ ከተማ ሄዷል፤ የሕፃናት ማገገሚያ ሆስፒታል፣ ለሦስት ወር ሥልጠና። ድሮ የተፈቀደለት ነው። ‹ይህቺ ልጅ መሮጥ ትጀምርልኝ› እያለ ሁለት ጊዜ አስተላልፎት ነበር።»

ፌንጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ፋይሌንም ለእርስዎ ሰጥቷል አሉ። በተናገርሁት ተቀይሞ ነው አይደል?»

ሲስተር መነጽራቸውን አድርገው ፋይሉን ከፈቱና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አኖሩ። «ታካሚዋን ያስረከበበት ቀን። አንብቢው።»

«ማክሰኞ ይላል።»

«የተጣላችሁትስ መቼ ነው?»

«ሐሙስ።»

«እንግዲያ!» አሉ ሲስተር። «ማክሰኞ ገና ሥራ ሳንጀምር መጣና ‹ሲስተር፣ የዚህችን ልጅ ጉልበት እርስዎ ይለኩልኝ። እኔ ዓይኔን ማመን አቅቶኛል› አለኝ። ለምን ብለው ጆሮው ድረስ ፍም መሰለ። እኔ እዚህ ሙያ ውስጥ ነው ያረጀሁት፤ ሌላ አልጠየቅሁትም። ታካሚውን የወደደ ባለሙያ ሜትሩን ያስቀምጣል፤ ደንባችን ነው። የሚፈራው ለጅማትሽ ይሁን ለልቡ መለየት ተስኖት ነበር። እኔ ለካሁ፣ ሰባ አንድ። የሱን ወረቀት ገልብጬ አየሁት፣ ሰባ አንድ።»

ፌንጣ ማክሰኞ የሚለውን መስመር ደግማ አነበበችው።

«የመጨረሻውን ገጽ ለሚቀጥለው ባለሙያ ብሎ የጻፈው ነው» አሉ ሲስተር። «ፋይሉ ያንቺ ነው፤ የማየት መብት አለሽ።»

በደቃቅና ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ይህች ታካሚ ሲያማት አትናገርም፣ ትቀልዳለች። ቀልድ ስታበዛ ክብደቱን ቀንሱላት። ጠዋት ጠዋት ጉልበቷ ይደርቃል፤ እስኪፍታታ ታገሧት። ስትቆጣ አትመልሱላት፤ የምትቆጣው በእናንተ አይደለም። ዓሥር ስትሏት ዓሥራ አምስት ትሠራለች፤ ስለዚህ ስምንት በሏት።»

የፍቅር ደብዳቤ ደርሷት ያውቃል፤ አንድ ሁለቴም አይደለም። እንደዚህ አድርጎ ያወቃት ሰው ግን አልነበረም። ገጹን ሁለቴ አነበበችው፤ በሦስተኛው ፊደሉ ሁሉ ውኃ ሆነባት።

*

ደብዳቤ ጻፈች። ቀደደች። ደግማ ጻፈች። አራተኛውን አጥፋ ፖስታ ውስጥ ከተተችና አዳራሹ ሥር ወዳለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ወረደች። እዚያ ያረፈበትን አድራሻ የሚያውቁት እናቱ ብቻ ናቸው።

ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። ሁለት ማሽኖች ያጓራሉ፤ ሽቦው ላይ የቡድኑ ማሊያ በቁጥሩ ተደርድሮ ተሰጥቷል። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ዘጠኝ ቁጥር የእሷ ነው።

«የኔ ማሊያ'ኮ ግማሽ ዓመት አልተለበሰም፣ እማማ።»

«ቢሆንስ?» አሉ እማማ ዘወር ሳይሉ። «ሌሎቹ እየታጠቡ እሱን አቧራ ይብላው? ከጓደኞቹ ጋር አጥበዋለሁ።»

ይህን ስትሰማ አቀረቀረች። ፖስታውን ዘረጋችላቸው። «ለልጅዎ እንዲልኩልኝ ነበር።»

እማማ እጃቸውን በሽርጣቸው አደራረቁና ፖስታውን ተቀበሉ። ገለበጡት። መለሱላት።

«ያን ሐሙስ ልጄ ቤት መጥቶ እህል አልቀመሰም። ምን ሆንህ ብለው ‹ደክሞኝ ነው› አለኝ። የወለድሁት ልጅ ነው፤ ድካሙንና ስብራቱን አውቃለሁ። አሁን ደግሞ ምን እንዳለበት የማላውቀውን ነገር በገዛ እጄ አልልክለትም። የኔ ዓይን ለጥቃቅን ፊደል አይሆንም። አንብቢልኝና ልወስን።»

ፌንጣ ወረቀቱን አወጣች። መጀመሪያው ቀላል ነበር፦ እንዴት ሰነበትህ፣ በፍጻሜው አልተጫወትሁም፣ ጉልበቴ ደህና ነው፣ ደህና የሆነውም አንተ እምቢ ስላልህ ነው። አነበበች። ወደ ሁለተኛው አንቀጽ ስትደርስ ቆመች።

«ምነው? ቀለሙ ጠፋ?»

«አልጠፋም፣ እማማ።»

ዘልላው ብታልፍ ማንም አያውቅም። ማሽኑ ያጓራል፤ ድምፅዋንም ይውጥላት ነበር። ትንፋሿን ሳበችና ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«‹ያን ቀን የልብስ አጣቢ ልጅ ምን ያውቃል ብዬ ሰደብሁህ። እናትህ ሦስት ዓመት ሙሉ ላቤን ሲያጥቡልኝ አንድ ቀን ፊታቸውን አላየሁም ነበር። ያን ዕለት ምሳህን ይዘው ሲመጡም ደህና ዋሉ አላልሁም። የናቅሁት አንተን መስሎህ ይሆናል፤ የረከስሁት ግን እኔ ነኝ። ይቅርታ የምለምነው ከአንተ በፊት ከሳቸው ነው።›»

እማማ ገንዳው ውስጥ ያለውን አንድ ነገር ማሸት ጀመሩ፤ ብዙ አሹት። ፌንጣ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። ቤቱ ይውጣት ወይስ ይትፋት አላወቀችም።

«ማጠብ ስድብ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት ልጅ አስተምሬበታለሁ። ስድብ ያደረግሽው አንቺ ነሽ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ልጄ ይህን አልነገረኝም።»

«ዛሬ ነው ከኔ የሰሙት።»

«ዘልለሽው ብታልፊ አላውቅም ነበር።»

«እሱን ሳልነግርዎት ይቅርታ ብልስ ምን ዋጋ አለው?»

እማማ ቀና አሉ። ዓይናቸው ረጥቧል፤ እንፋሎቱ ይሁን ሌላ አይለይም። ከገንዳው ውስጥ አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ ጎትተው አወጡና አንዱን ጫፍ ወረወሩላት።

«በይ ያዥ። ብቻዬን አይጨመቅልኝም።»

ሁለቱ በሁለት ጫፍ ቆመው ጠመዘዙት። ውኃው ተንዠቀዠቀ። ፌንጣ ባለ በሌለ ኃይሏ ተወጠረች።

«ኧረ ቀስ! ክንድሽን አልሁ እንጂ ጉልበትሽን ማን አለሽ? ልጄ ስንት ወር የደከመበትን እዚህ ልትበጥሺብኝ ነው?»

ሳቀች። ስትስቅ ደግሞ እንባዋ ወረደ። እማማም ጫፋቸውን ይዘው እየጠመዘዙ መጡ፤ እየቀረቡ፣ እየቀረቡ፣ እጅ ለእጅ እስኪነካኩ። ከዚያ በረጠበ እጃቸው ጉንጯን ዳበሱት።

«እኔ ይቅር ብያለሁ። እሱን ደግሞ እሱ ይወቅ። ነገ እልከዋለሁ፤ አሁን ግን ያንን ቅርጫት አቀብይኝ።»

እናቷ ከሞተች ወዲህ በረጠበ እጅ ጉንጯን የነካት ሰው አልነበረም። ሳሙናው ፊቷ ላይ እስኪደርቅ አልጠረገችውም።

*

መልሱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደረሰ። ግማሽ ገጽ ናት።

«አንቺ፣

ደብዳቤሽን እናቴ ቀድማ መስማቷን ጽፋልኛለች፤ ታናሽ እህቴ ናት የጻፈችላት። ‹ልጅቷ ፊደል አልዘለለችብኝም› ይላል የእናቴ ቃል። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ?

እውነቱን ልንገርሽ። ያን ቀን ቃልሽ ያመመኝ ስድብ ስለሆነ አልነበረም። እውነት ስለመሰለኝ ነው። ካንቺ በፊት ወደ ላይ መውጣትን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ አላየሁትም። ያየሁት ከአንቺ ነው፤ ተረከዝሽን አንድ ስንዝር ባነሣሽባት ቀን። እዚህ ያሉት ሕፃናት እግራቸውን ማንሣት ሲያቅታቸው ስለ አንዲት ፌንጣ እነግራቸዋለሁ። እያሳቅሽልኝ ነውና አመሰግንሻለሁ።

ሲስተር ‹ጨርሳለች› ብለው እስኪፈርሙልሽ አልመጣም። ታካሚ ሳትሆኚ ላገኝሽ ነው የምፈልገው። ያን ጊዜ የምለው አለኝ።»

ደብዳቤውን ይዛ ወደ አባቷ ዘንድ ሄደች። ሳሎን ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ሁሉን ነገረቻቸው፤ ማሟሟቂያው ላይ ጉልበቷ እንደከዳት፣ የግል ክሊኒኩ ወረቀት ምን ሊያደርጋት እንደነበር፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን ብላ እንደሰደበችው። በመጨረሻ «እወደዋለሁ» አለች። ቃሉ ቤቱን ሞላው።

አባቷ ጋዜጣውን አጠፉ። ሊቆጡ ነው ብላ ጠበቀች።

«ያን ወረቀት ያስፈረምሁት እኔ ነኝ» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ እምቢ ስልሽ እናትሽን ሁለተኛ ጊዜ የምቀማሽ ይመስለኝ ነበር። እኔ እሺ አልሁሽ። አሰልጣኙ እሺ አለሽ። ሐኪም ተብዬውም እሺ አለሽ። ከሁላችን እምቢ ያለሽ እሱ ብቻ ነው።» መሐረባቸውን ፈለጉ። «ማን እንደሚወድሽ ለመለየት የሰው ኪስ ማየት አያስፈልገኝም፣ ልጄ። ይምጣ።»

አቅፋቸው ስታለቅስ የልጅነት ልብሷን የለበሰች ያህል ቀለላት።

*

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የሥራ ወራት ነበሩ። ሲስተር ስምንት ሲሏት ስምንት ሠራች። ሲያማት ቀልዷን ትታ «አመመኝ» አለች። በዘጠነኛው ወር መጨረሻ ሲስተር ለኩ፤ ዘጠና ስድስት። ጎንበስ ብለው በሰማያዊ ቀለም ስማቸውን ጻፉና «ከዛሬ ጀምሮ ታካሚዬ አይደለሽም። ሂጂ ከፊቴ!» ብለው ሳሟት።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሜዳ ተመለሰች። የወዳጅነት ጨዋታ ነው፤ መራጭ የለም፣ ዋንጫ የለም፣ ተመልካቹም መቶ አይሞላም። አሰልጣኙ በሦስተኛው ዙር አስገባት። አሁን ሳይቸኩል፣ ሁለት ጊዜ «ደህና ነሽ?» ብሎ ጠይቆ።

ኳሷ ተነሣች። ፌንጣም ተነሣች። ከላይ ሆና ለአፍታ አዳራሹን አየችው፤ በሁለተኛው ረድፍ አባቷ፣ ከእሳቸው አንድ ወንበር አልፎ እማማ፣ ከእማማ ጎን ደግሞ አቧራ የጠጣ የጉዞ ቦርሳ ጭኑ ላይ ያስቀመጠ ሰው። ኳሷን መታቻት። ከዚያ ወረደች። በሁለት እግሯ፣ ጉልበቷ ቀጥ ብሎ፣ ላባ እንደሚያርፍ አረፈች።

ነጥቡን ማን እንዳገኘው አላስተዋለችም። ሰውዬው ብድግ ብሎ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ አባቷ ባርኔጣቸውን አውልቀው እማማ ፊት ቆመው አገኘቻቸው።

«እርስዎ ነዎት እናቱ?»

«ነኝ።»

«ልጅ አሳድገዋል፣ እመቤቴ። የልጄን እግር አተረፈልኝ። ውለታዎን በምን እመልሳለሁ?»

«ሥራውን ነው የሠራው» አሉ እማማ። ትንሽ አሰቡና «ግን እግዜር ይስጥልኝ። ልጅዎም አንባቢ ናት» ብለው ፈገግ አሉ። አባቷ ያልገባቸው ቢሆንም አብረው ሳቁ። ሁለቱ ስለ ልጆቻቸው እያወሩ ቀስ ብለው ወደ በሩ ሄዱ።

አዳራሹ ባዶ ሆነ። ሁለቱ በመረቡ ሁለት ወገን ቆሙ።

«አያምሽም?» አላት።

«አያመኝም።» ከዚያ ቶሎ ብላ «ቀልድ አይደለም» አለች።

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«አመሰግናለሁ የሚለው ቃል አነሰኝ። ስፈልግ ስፈልግ ሌላ አጣሁ።»

በመረቡ ሥር ጎንበስ ብሎ ወደ እሷ ወገን አለፈ። «እኔም የማመሰግንሽ አለኝ» አለ። «መንገዱን ሁሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት፤ አሁን አንዱም የለም። ፌንጣ… እወድሻለሁ። ከዓሥራ ሁለት ቀጥሎ የሚመጣውን እስክረሳ እወድሻለሁ።»

«ዘጠኝ ነው የሚመጣው» አለችው በእንባዋ መሐል።

እነዚያ እጆች ቁርጭምጭሚቷን፣ ጉልበቷን፣ የጠባሳዋን ጫፍና ጫፍ ያውቃሉ። እጇን ግን አንድ ቀን ነክተውት አያውቁም ነበር። አሁን ዘረጋችለት፤ እሱም በሁለት እጁ ተቀበለው፤ የሚለካው የለም፣ የሚቆጥረው የለም። የመዳፉ ሙቀት እስከ ትከሻዋ ወጣ። እንደ ሀብታም ቆመች፤ የተሰጣት ሁሉ ሳይገባት በቸርነት የተሰጣት እንደሆነ የምታውቅ ሀብታም።